ጉም ሲመጣ የምትሞቀው መኪና

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጎረቤላ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት መኪናዬን ልሸጥ ነው። አሮጌዋን የጭነት መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ዳገት ላይ እየተነሣ ቀዩን መንካት ጀመረ። አንድ መካኒክ አየና «የሞተሩ ራስ ተበልቷል፤ እሱን ከማሠራት መሸጥ ይሻላል» አለኝ። ልጄም በስልክ «አባዬ፣ ገደል አፋፍ ላይ ጥላህ ሳትቀር ሽጣት» አለኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ነጋዴ ተገኘ። ቆራርጦ በብረትነት ነው የሚሸጣት። ስምንት ሰዓት ላይ ልንገናኝ ተቃጠርን።

በመጨረሻ ጉዞዋ ባዶዋን አትሂድ ብዬ አጣና ጫንኩባት። ባለቤቴ አስካለ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝና መኪናዋን ዞር ብላም ሳታይ ወደ ቤት ገባች። ጋቢና ውስጥ አብረውኝ ያሉት የደብራችን መሪጌታ ናቸው። መነጽር ሊያስለውጡ ነው የሚሄዱት።

ሁለት ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

ከጎረቤላ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ነው። ገና ሁለተኛውን ጥምዝ እንዳለፍን ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ መጣና ዋጠን። መብራት አበራሁ። ትንሽ እንደሄድን ቀስቱ ወጥቶ ቀዩ ላይ ተቀመጠ። ጥግ ይዤ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ።

«ፈላች?» አሉ መሪጌታ።

«ፈላች የኔታ።»

ወርደው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። «የፈላ ውሃ እኮ ይንተከተካል። ይሄ ጸጥ ብሏል። እንፋሎትም የለው።»

«የኔታ፣ ይሄ ቅኔ አይደለም፤ ሞተር ነው።»

«ቅኔስ ቢሆን መቼ እንዲህ ይቸኮላል?»

ቆይተን ስናስነሣት ጉሙ ገለል ብሎ ነበር፤ ቀስቱም መሐል ላይ ነው። ቀጣዩ ጥምዝ ላይ ጉሙ እንደገና መጣ። መብራት አበራሁ፤ ቀስቱ ተነሣ።

«እስቲ ጥግ ይዘህ ቁምና መብራቱን ብቻ አጥፋው» አሉኝ።

አጠፋሁት፤ ቀስቱ ወረደ። አበራሁት፤ ወጣ።

«ድስት እንኳ ከእሳት ሲወርድ ለመብረድ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። «በአንዴ ወጥቶ በአንዴ የሚወርድ ምን ዓይነት ሙቀት ነው?»

ቀስቱ ከመብራቱ ጋር እንደሚነሣ ልብ ብዬ አላውቅም። በጉም ስነዳ ዓይኔ ገደሉ ላይ ስለሆነ ዳገቱ ነው የሚያሞቃት ስል ከርሜያለሁ። አጥርተው ማየት የተቸገሩት ሰውዬ አዩልኝ።

አራት ሰዓት፣ ደጋው ላይ

ከጉሙ በላይ ፀሐይ ነው። ገብሱ አሽቷል፣ በጎቹ መንገዱን ይዘውታል፣ ጡሩንባ ብንነፋም አይለቁም። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ ቤት ሻይ ጠጣን፤ ሃያ ብር ገብቷል። በሶውን ጨበጥን። መሪጌታ «ገዢው ሳያያት በፊት ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይያት» አሉ። እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን አላመነም ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

አጣናውን አራግፈን መሪጌታን ወደ መነጽር ቤት ላደርስ ስል «መነጽሩ የትም አይሄድ» ብለው እምቢ አሉ። አብረን ታምሩ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄድን። ታምሩ መጀመሪያ ዘይቱን አየ፤ ውሃ አልገባበትም። ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩን ከፈተ፤ ውሃው ሙሉ ነው፣ ዘይትም የለበትም። «የሞተሩ ራስ ቢበላ ኖሮ ይደባለቁ ነበር» አለ። ሞተሩን አስነሥቶ መብራቱን አበራና አጠፋ፤ ቀስቱ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ አንድ ረጅም ሽቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጋቢናው ብረት ላይ ያዘ። መብራቱ በርቶ እያለ ቀስቱ መሐል ላይ ቁጭ አለ።

ታምሩ ከጋቢናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፈገግ ብሏል።

«አባባ፣ ይቺን መኪና ማነው የሚቀባት?»

«እኔ ነኛ። በየጥምቀቱ መዘምራን ትጭናለች፤ ሳልቀባት አላወጣትም።»

«ጋቢናው ሥር ያለችውን ብሎንም ቀባሃት?»

«እሷስ ምን በደለች ብዬ? ፈትቼ፣ ሥሯን አሳምሬ ቀብቼ ነው መልሼ የማስራት።»

መሪጌታ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ታምሩም እየሳቀ አስረዳኝ። ብሎኗ የምታስረው ሽቦ ኤሌክትሪኩ ከጋቢናው ወደ ባትሪው የሚመለስበት ነው፤ ብረት ከብረት መንካት አለበት። እኔ ግን በየዓመቱ በመሐላቸው ቀለም ደርቤ ደርቤ ለያይቻቸዋለሁ። ትልቁ መብራት ሲበራ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና ቀስቱን ያሳስተዋል። ቀለሙን በቢላ ሲፍቀው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ደግሞ ሰማያዊ ወጣ። እያንዳንዱን ዓመት አወቅሁት። ብረቱ ሲያበራ አሰራትና ከላይዋ ግሪስ ቀባት።

ለነጋዴው ደወልኩለት። «አልሸጥም፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ምነው?»

«አልታመመችም።»

«የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ዘጋው። አልተቀየምኩትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

መሪጌታ አዲሱን መነጽር አድርገው ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ የቀስቱን ነገር ይነግሩኝ ነበር፦ «መሐል ነው፤ አሁንም መሐል ነው።» ጎረቤላ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ሲዘጋብን መብራቱን አበራሁ። ቀስቱ አልተነሣም።

ይህን የምታነቡ ሾፌሮች፣ ቀስቱ ከመብራት ጋር ከወጣ ከወረደ ሞተር ለማስፈታት አትቸኩሉ። ስትቀቡም ብሎኗን ተዉአት። እኔ መኪናዬን ስወዳት ላስቆርጣት ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያሳምር የቱን መንካት እንደሌለበት መጠየቅ አለበት፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ማንንም አልጠየቅሁም።

ግቢ ስገባ አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የመኪናዋን መቆሚያ ግማሹን ቆፍራ ደረስኩባት። ዶማዋን ተደግፋ መኪናዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«ጎመን ልዘራበት ነበር» አለች።

«ዝሪው እንጂ።»

ካልተቆፈረው በኩል አስጠግቼ አቆምኳት። አስካለ ዞር ብላ የመኪናዋን ፊት አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች።