የእትዬ አራት ምስክሮች

እትዬ ኑዛዜ ማድረግ እንደምትፈልግ የነገረችኝ ልብስ እያጠፈች ነው። ወረቀት አምጣ አለችኝ። የሚገዛ ነገር ልታስጽፈኝ መስሎኝ ከደብተሬ አንድ ገጽ ገነጠልኩ። አየችውና መለሰችልኝ። ሙሉ ነጭ ወረቀት ነው የምፈልገው፣ ኑዛዜ በተቀደደ ወረቀት አይጻፍም አለች። ከዚያ ሸሚዜን ማጠፍ ቀጠለች።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። በእሷና በእኔ መካከል ከሠላሳ ዓመት በላይ ልዩነት አለ። አባታችን አንድ ነው፣ እናቶቻችን ይለያያሉ። እኔ የአባቴ የእርጅና ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ሀና ማርያም አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ አሳድጋ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረሰችኝ። እሷ ራሷ አልወለደችም። ሰው "ልጅሽ ነው?" ሲላት "ወንድሜ ነው" ትላለች። ሳትቆጣ፣ ሳታብራራ፣ ሁልጊዜ እንደዚያው።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት ጀሞ ገባን። አራተኛ ፎቅ። መጀመሪያ ላይ በመስኮቱ እያየች ደስ ይላት ነበር። ከምትሠራበት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ጊዜ ነበራት። በኋላ ጉልበቷ ታመመ። እኔም፣ እንዴት ልበል፣ ሁሉንም ነገር ያዝኩ። ዳቦ የምገዛው እኔ፣ ውሃ የምቀዳው እኔ፣ ሀና ማርያም ላለው ዕድሯ ወርሃዊውን የማደርሰው እኔ። ለቡ ካለው ሥራዬ፣ ኤሌክትሪክ ከምዘረጋባቸው ቤቶች ስመለስ፣ ሁሉን ጨርሼ እገባለሁ። ጎበዝ ወንድም የሆንኩ መሰለኝ። ደረጃውን የምትወርድበትን ምክንያት አንድ በአንድ እየወሰድኩባት እንደነበር አላየሁም።

የኑዛዜውን ነገር ከሬዲዮ ሰምታ ነበር። አራት ምስክር ያስፈልጋል ተብሏል። ምስክሮቿን በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ሁለተኛው ጣት ላይ ቆመች።

"ሀና ማርያም ቢሆን አርባ አመጣ ነበር" አለች።

ለእኔ ተይው አልኳት፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። ፍላጎቷ አንድ ነበር። ቤቷ ለእኔ እንዲሆንና፣ እሷ ከሌለች በኋላ ማንም መጥቶ "አንተ ማን ነህ?" እንዳይለኝ። የሷ የእናቷም የአባቷም ልጅ የሆኑ ታላቅ ወንድም አሉን፤ ወንድም ጋሼ እንላቸዋለን። የሚኖሩት ክፍለ ሀገር ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እኔን በደንብ አያውቁኝም፣ እትዬም ይህን ታውቃለች።

በነጩ ወረቀት ላይ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ በር ለበር ዞርኩ። ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው ሀጂ ሚዛናቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሚኒባስ ሹፌር መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ መሪው ላይ ፈረመ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ወደ ሥራ እየሮጠች ደረጃ ላይ ፈረመች። አራተኛዋ ከበራችን ፊት ለፊት ያሉት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ብሎኩ ሁሉ ቲቸር ይላቸዋል። እሳቸው በሩን በግማሽ ከፍተው ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ ፈርመው መለሱልኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። እትዬ ከወንበሯ እንኳ አልተነሳችም።

ለማረጋገጥ ብዬ ወረቀቱን ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰውዬ አሳየሁት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

"እነዚህ ሰዎች አብረው ነበሩ?"

"አዎ፣ አንድ ብሎክ ነው የሚኖሩት።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ማነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"የሚወርሰውስ?"

"እኔ።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ይኼን ወረቀት እንኳን ሌላ ሰው፣ አንተም ብትከሰው ታሸንፈዋለህ" አለኝ።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ተናዛዧና አራቱ ምስክሮች አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ጽሑፉ በሁሉም ፊት መነበብ አለበት። ያኔውኑ፣ እዚያው፣ ሁሉም ይፈርማሉ፤ እንዲህ መደረጉም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ወራሹ በእጁ የጻፈው ደግሞ ነገር ያመጣል፤ እኔ እመጣና ከአፏ ሰምቼ እጽፋለሁ አለ። አራተኛ ፎቅ መሆኑን ስነግረው ትንሽ አሰበ። ግን መጣ። በየፎቁ እያረፈ።

ለእትዬ ስህተቴን ስነግራት የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀች። ከዚያ የቲቸርን ፊርማ አየችና "ቲቸር ፈረመች? ለእኔ?" አለችኝ። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ጠባቸው የውሃ ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ላይ የምንደረድራቸው ቢጫ ጀሪካኖች የቲቸርን መተላለፊያ ዘግተው፣ አንዲት ቃል ሌላ ቃል ወልዳ፣ በዚያው ቀረ።

እኔ ሄጄ ልጥራቸው አልኩ። እትዬ ዱላዋን አንስታ "ተቀመጥ" አለችኝ። ከበራችን እስከ ቲቸር በር ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። በራችን ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

"ቲቸር፣ ጀሪካኑን አንስቻለሁ።"

"አይቻለሁ።"

"እሁድ ከቤት ነሽ?"

"የት እሄዳለሁ።"

በዚያው አለቀ። እኔ ዕርቅ ሲባል ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። ሌላ ልዋስ ስል እትዬ ከለከለችኝ፤ የሚመጣው ወንበሩን ይዞ ይምጣ አለች። እሁድ ከሰዓት ሹፌሩ ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ገባ። "እማማ፣ ተሳፋሪ ነኝ፣ ወንበሬን ይዤ መጣሁ" አላት። "እማማ ማለቱን ትተህ ጫማህን ጥረግ" አለችው። የሀጂ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነበረች፤ የቲቸር የእንጨት፣ ትራስ ያላት። ነርሷ ወንበሯን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ስልኳ ጠራ። ከጤና ጣቢያው ነው፤ ሰው ጎድሏል። ወንበሯን ትታ ሮጠች። ሦስት ምስክር ይዞ መፈረም አይቻልም። ማመልከቻ ጸሐፊው ከእትዬ አፍ ሰምቶ የጻፈውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሻይ ግን ተፈልቷል፣ ቆሎ ቀርቧል። ማንም አልተነሳም። እስኪመሽ አወሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ሁሉም ተሟልተው ነበር። ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊጀምር ሲል ቧንቧው አጉረመረመ። አምስት ቀን የጠፋ ውሃ ነበር። ሹፌሩ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ፤ ነርሷ ተከተለች፤ ሀጂም እንኳ ቆባቸውን ያዝ አድርገው ደረጃውን ወረዱ። ሰውየው ወረቀቱን እንደያዘ ከእትዬ ጋር ብቻውን ቀረ። "የጻፍኩት ስንት ኑዛዜ አለ፤ በውሃ የፈረሰ ግን አይቼ አላውቅም" አለ። እኔ ከሥር አንድ ጀሪካን ቀድቼ ስመጣ የቀሩት ጀሪካኖቻችን ሞልተው በር ላይ ተደርድረዋል። የሞሏቸው ቲቸር ናቸው።

በሦስተኛው እሁድ ተነበበ። ያነበቡት ቲቸር ናቸው፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡ፣ ቆመው። "...ይህን ቤት በአባት ለምንገናኝ ወንድሜ..." ሲሉ እትዬ እጇን አነሳች።

"ይኼ በአባት የምንገናኝ የሚለው ምንድነው? ሰርዙልኝ።"

ሰውየው ለሕግ ግልጽ እንዲሆን መግባቱን ነገራት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ኑዛዜ ደግሞ በኋላ ጠብ ይሆናል አለ። እንደገና ጻፈው ካላችሁኝ ሌላ እሁድ ነው አለ። እትዬ አራቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

"ወረቀቱ የፈለገውን ይበል። እናንተ ግን ስሙኝ። ወንድሜ ነው። በዚህ በኩል በዚያ በኩል የሚባል ነገር የለም።"

"ሰምተናል" አሉ ሀጂ። ፈረሙ። እሷም ፈረመች፤ ስሟን ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች።

ኑዛዜው አለቀ። ወንበሮቹን ግን ማንም አልወሰደም። በሚቀጥለው እሁድ ሹፌሩ በሩን አንኳኩቶ ዛሬስ ምን እንፈርማለን አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እትዬ በቲቸር ክንድ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሀጂ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንድታርፍበት ዱካ፣ ትንሽ መቀመጫ፣ አኖሩላት። በወር አንድ ቀን ሹፌሩ ጋቢና አስቀምጧት ሀና ማርያም ዕድሯ ያደርሳት ነበር፤ የቀረችባቸውን ወራት ወሬ ሁሉ ሰብስባ ትመለሳለች። የዕድሩን ደብተር ተቀበለችኝ። እኔም ሰጠኋት። ያን ማድረጌ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል።

የሞተችው ጠዋት፣ እኔ ለሥራ ልወጣ ስል ነው። ብዙ መጻፍ አልችልም። ልቧ ነው ተባለ። ያንኳኳሁት የቲቸርን በር ነው። ሰባት እርምጃ ነው ብያለሁ፤ ያን ቀን ስንት እንደሆነ አላውቅም። ነርሷ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። ድንኳኑን የሀና ማርያም ዕድርተኞች ተከሉ፤ የብሎኩ ሰው ደግሞ ማንም ሳይነግረው ወንበር ይዞ ወጣ። ጀሞ ማንም አያውቀንም ብዬ የማስብበት ጊዜ ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወንድም ጋሼ ኑዛዜው ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት ላየው አሉ። መብታቸው ነው። አራቱንም ጠራኋቸው፤ በየወንበራቸው ተቀመጡ። ወንድም ጋሼ በእትዬ ወንበር ተቀምጠው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዘው አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

"በአባት ለምንገናኝ ወንድሜ" አሉ። "እህቴን አውቃታለሁ። በስልክ እንኳ 'ወንድማችን ፈተና አለፈ' ነበር የምትለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አይወጣም። ይኼን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።"

ወደ እኔ አላዩም። ልክ ነበሩ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል። ሰውየው እስክሪብቶውን ያስቀመጠበት ቀን ትዝ አለኝ። ያ በር ለበር የዞርኩበት ወረቀት ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ያበቃ ነበር፤ አራት ፊርማ፣ አንዱም እሷን ያልሰማ።

ቲቸር ተነሱ። "ልክ ብለዋል" አሉ። "የእሷ ቃል አይደለም። እኔ ሳነበው እጇን አንስታ አስቆመችኝ።"

"ሰርዙልኝ አለች" አለች ነርሷ። "ስርዝ ድልዝ ጠብ ያመጣል ስለተባለ ነው የቀረው።"

"ወንበሯ እዚያ ነበር፣ አሁን እርስዎ ያሉበት" አለ ሹፌሩ። "አንድ በአንድ ነው ያየችን።"

ሀጂ ቃሏን እንደነበረ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አሉት። "ወንድሜ ነው። በዚህ በኩል በዚያ በኩል የሚባል ነገር የለም።"

ወንድም ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይኼ እሷ ናት" አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። "ፍርድ ቤት ስትሄድ ደውልልኝ። አብሬህ እቆማለሁ።" ቆሙም።

ቤቱ በስሜ ሆነ። እትዬ የፈራችው "አንተ ማን ነህ?" የሚል ሰው አልመጣም። ሥራው ሁሉ ሲያልቅ፣ የሰው ዕቃ ቤቴ ውስጥ መቆለል የለበትም ብዬ፣ የሀጂን አረንጓዴ ወንበር ይዤ አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ሀጂ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ማን አምጣ አለህ?"

"የእርስዎ ነው ብዬ ነው፣ ሀጂ። ኑዛዜው ውስጥም የለም።"

"የሷ ስላልሆነ ነዋ" አሉ። "እሁድ ቆሜ ልጠጣልህ ነው ሻይህን?"

ስኳሩን ለገዢው ሰጥተው ሌላ ግማሽ ኪሎ መዝነው አቀበሉኝ። በአንድ እጄ ስኳሩን፣ በአንድ እጄ ወንበሩን ይዤ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ዱካዋ ጋ ስደርስ፣ ትንሽ አረፍኩ።