ደሜ ዱቡሻ ተቀመጠ

የገዛ ሰዎቼ ሥጋ ደዌ አለብህ ብለው ከዱቡሻ አስወጡኝ። ዱቡሻ ከጨንቻ በላይ ባለው ሰፈራችን ሽማግሌ የሚዳኝበት ሜዳ ነው፤ እዚያ መቀመጥ የተከለከለ ሰው ከሞተ አይሻልም። ወንጀሌ ጉንጬ ላይ ያለ ጠባሳ ነው። ኦቾሎ ወርጄ ስሸምን ትንሽ ዝንብ ነከሰችኝ፣ ቆሰልኩ፣ ዳንኩ። ኦቾሎ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። እኛ ደጋ ግን በሽታው አይታወቅም። እሳት የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ድር የሚያመጣልኝም ጠፋ።

የአርባ ምንጭ ሐኪም ቁስሉን ፍቆ መርምሮ «ቁንጭር ነው፣ ሥጋ ደዌ አይደለም» የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ማንበብ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ወረቀቱን ባነብላቸው «ራሱ ጽፎ ራሱ ያነባል» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ያው ሐኪም «የዳነ ሰው ደም ለምርምር ይፈለጋል፣ አዲስ አበባ ትሄዳለህ?» ሲለኝ እሺ አልኩ። የማይሳቅበት ማስረጃ ፈልጌ ነው።

ቁልቁል

ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በጭነት መኪና ወረድኩ፤ ጭጋጉ ዶርዜ ላይ ቀረ፣ አባያ ከታች ቀላ ብሎ ታየ። አርባ ምንጭ መናኸሪያው አጠገብ ከጫሞ የመጣ ዓሣ በላሁ። ሻጯ ጠባሳዬን አይታ «ኦቾሎ ነበርክ እንዴ?» አለችና ሰሐኑን በእጄ ሰጠችኝ። በሰፈሬ ሰሐን በእግር ነበር የሚገፋልኝ። ይህችን ሴት አልረሳትም።

ሽሮ ሜዳ

አውቶቡሱ ሶዶ አሳድሮን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። ሽሮ ሜዳ ያሉ ያገሬ ሸማኔዎች ምንም ሳይጠይቁ አስጠጉኝ። ምርምር ቤቱ ውስጥ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል ልጅ ደሜን ቀድታ ነጩን ሕዋስ ከቀዩ ለየች።

«ጋሼ ባሳ፣ ነጩ ሕዋስ የሰውነት ወታደር ነው» አለችኝ።

«ወታደር አትበይኝ። ወታደር ጠግበናል።»

በሩን ገልመጥ አድርጋ ሳቀች። «እሺ፣ ምን ልበለው?»

«መጀመሪያ ሥራውን ልየው።»

ሕዋሶቹን በፕላስቲክ ሰሐን ላይ ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ዘራቻቸው፤ የሚመገቡት ፈሳሽ ጨምራ እንደ ገላ በሚሞቅ ሣጥን አስቀመጠቻቸው። በአንዳንዱ ጉድጓድ የቁንጭርን ተውሳክ ገድላ ጨመረች፤ በሌላው ምንም። በየቀኑ እየሄድኩ «ሞቱ?» እላለሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱባቸው!»

በስድስተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ምንም ያልተጨመረበት ውስጥ እያንዳንዱ ለብቻው ተበትኗል። ተውሳኩ ባለበት ግን ተባዝተው፣ ክብ ክብ ሠርተው ተሰብስበዋል።

«ያውቁታል» አለች። «የዳኑበትን በሽታ አልረሱትም።»

«ዱቡሻ ተቀምጠዋል» አልኳት። እኔ የተከለከልኩትን ደሜ ተቀምጦበታል።

ደብዳቤ ስለምናት አልሸነገለችኝም። «ይህ ብቻውን ሥጋ ደዌ የለብዎትም አይልም፤ ያንን ያረጋገጠው የአርባ ምንጩ ምርመራ ነው» ብላ ሁለቱንም እንዳለ ጽፋ ማኅተም አስደረገችበት።

ዳገት

ሰፈሬ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። ከዱቡሻው የድንጋይ አጥር ውጭ ቆምኩ።

«ደግሞ ሌላ ወረቀት?» አለ አንዱ።

ደብዳቤውን ለትምህርት ቤቱ መምህር ሰጠሁት፤ እሱ አነበበው። ከዚያ በዓይኔ ያየሁትን ነገርኳቸው። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት አጎቴ ዛላ ብቻ ጠየቁኝ።

«ባሳ፣ ይህን ሣር ይዘህ ትደግመዋለህ?»

ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ መቅሠፍቱ ለልጆቹም ይተርፋል። ዱቡሻ ላይ ይህን የማያውቅ የለም።

«እደግመዋለሁ» አልኩ።

አጎቴ እርጥብ ሣር ከመሬት ነጩ። እጄን ዘረጋሁ፤ አላቀበሉኝም።

«ሣር የሚያዘው እዚህ ውስጥ ነው። ምን ያስቆምሃል? ግባ እንጂ!»

ሌሎቹ ተያዩ። ተነሥቶ የሄደ የለም። ገባሁ፣ ሣሩን ይዤ ደገምኩት።

የሳቁብኝን ይቅር አላልኩም፤ አልዋሽም። ግን ከዚህ ጉዞ በፊት የምቆጥረው የገፋኝን ሰው ብቻ ነበር። አሁን ሰሐን በእጄ የሰጠችኝን፣ ያስጠጉኝን፣ ደሜን ስድስት ቀን የመገበችውን፣ ሣሩን ይዘው የጠበቁኝን አስባለሁ፤ አመሰግናቸዋለሁም። ከአጎቴ ጎን የተቀመጥኩት መጋቢት 14 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።