ሸጋዬ ክንዷን የዘረጋች ዕለት

ሸጋዬ ከሀዳር ሰፈር አውቶቡስ ይዛ ካርሜል ተራራ ላይ ወዳለው ቤተ ሙከራ ስትመላለስ ጸጉሯ ሸበተ። ሥራዋን ትወዳለች። ደም መስጠት ግን በጭራሽ አይታሰብም። ልጅ ሆና፣ ጸባ፣ ውትድርና ላይ ሳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ሰጥታ ነበር። ኋላ ጋዜጣ ሲያወጣው ነው የሰማችው፤ ለካ የኢትዮጵያውያኑ ደም ለሰው ሳይደርስ በድብቅ ይጣል ኖሯል። ይሄ የሚረሳ ነው እንዴ? እናቷ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም፤ አንጀቷ ቆስሎ ቀረ።

ዘንድሮ ናዳቭ የሚባል ተማሪ መጣ። ሃሊሳ ሰፈር የተወለደ የእኛው ልጅ ነው፤ አማርኛው አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ምን ይደረግ። የሚያወዳድረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ እንቁራሪት ቆዳዋን ከባክቴሪያ የምትጠብቅበት ፔፕታይድ የሚሉት ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ፣ ሌላው ያንኑ አስመስሎ ራሱ የሠራው። ባክቴሪያን ቀዶ በመግደሉ አይተናነሱም። የእንቁራሪቷ ግን ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ሰው ሠራሹ ይቆያል። የቀረው ትልቁ ጥያቄ፣ ባክቴሪያውን የሚቀድ ነገር የሰውንም የደም ሕዋስ ይቀድ እንደሆነ ነው። ለዚህ ትኩስ ደም ያስፈልጋል። ዘወትር ደም የምትሰጣቸው ባልደረባቸው ኢንባር ደግሞ ታማ ቀረች።

ናዳቭ ታሪኳን ስለሚያውቅ ሸጋዬን ለመጠየቅ ፈራ። ዙሪያዋን ሲል ቆይቶ፣ ምን ትንቀዋለላለህ ብትለው ጊዜ ነገራት። እንደገና ቢጥሉትስ የሚለው ሐሳብ መጣባት። ይሄኛው ደም ግን ከዓይኗ አይርቅም፤ የምትሠራበት እሷው ናት።

"ከጣልከው አልምርህም" አለችውና ክንዷን ደም ለምትቀዳው ነርስ ዘረጋች።

ሕዋሳቱን አጥባ ለሁለቱ ፔፕታይዶች ያካፈለችው ራሷ ናት። ጊዜው ደርሶ በማሽን ሲያሽከረክሩት፣ የእንቁራሪቷ ፔፕታይድ መጠኑ ከፍ ባለበት ውሃው ቀላ፤ ሕዋሱ ፈንድቷል ማለት ነው። ናዳቭ በሠራው በኩል ውሃው ጥርት ብሎ፣ ሕዋሱ እንደ ምስር ከሥር ቁጭ ብሏል። ልጁ ሊዘል ቃጣው። እሷ ግን ቆጣ ብላ፣ አንዴ ያዩት አይታመንም፣ ድገም አለችው።

ናዳቭ የደሙን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሳና አንገቱን ደፋ።

"ሸጋዬ፣ ደምሽ አልቋል። ጠብታ ሳይተርፍ ሁሉም ሥራ ላይ ውሏል። ለመድገም ተጨማሪ ያስፈልገናል።"

ይሄን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ደስ ብሏት ነው፤ አልደበቀችውም።

"ቤሰደር፣ እሺ" አለችና፣ የሌላውን ክንዷን እጅጌ እየሰበሰበች ወደ ነርሷ ሄደች።