ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል

ውጭ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ኤለቬተር ውስጥ የገጠመኝን ላውጋችሁ። ዱሮ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉትን አጎቴን ይዤ ስወርድ፣ አንድ ጎረቤታችን ነጭ የባሕር ኃይል ዩኒፎርም ለብሶ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ገባ። አጎቴ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«የየት አገር ሰው ነው?» አሉኝ፤ እንግሊዝኛ ብዙም አይደፍሩም።

ጠየቅኩት። ጡረታ የወጣ የቦሊቪያ መርከበኛ ነው። ወደ አገሩ «የባሕር ቀን» በዓል እየሄደ ነበር።

«ቦሊቪያ ባሕር የላትም፤ ንገረው» አሉ አጎቴ።

ሰው እንዲህ ይባላል? እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው አስረዳኝ። ባሕራቸውን በጦርነት ካጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ባሕር ኃይላቸውን ግን አላፈረሱም። ተራራ ላይ ባለ ሐይቅ ይለማመዳሉ፤ በየዓመቱም የጠፋውን ባሕር እያሰቡ ሰልፍ ይወጣሉ።

አጎቴ ትርጉሜን ሰምተው ተኮሳተሩ። «እየቀለደብኝ ነው?»

«የምሩን ነው፣ ጋሼ።»

ምድር ቤት ደርሰን በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ሊወጣ ሲል አጎቴ ክንዱን ያዝ አደረጉት። ጠብ ሊነሳ ነው ብዬ መሀል ገባሁ። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ሰው ይቀጥሩ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉኝ።