ከዱባይ አራት ሰዓት

እናታችን ቢቸና ቤታችን ውስጥ ስትሞት ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እንዳይነገራት የወሰኑት አባቴ ናቸው።

«ያን ያህል ሩቅ አገር፣ አይዞሽ ባይ በሌለበት፣ መርዶ ሰምታ ምን ልትሆን ነው? ስትመጣ ትረዳለች» አሉ።

ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ብሆን። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር እማዬ ጸበል ሄዳለች፣ መርጡለ ማርያም ናት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም እንላት ነበር። እሷም «ሳሙልኝ» ብላ ትዘጋለች። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። በመጨረሻ ፈቃድ አግኝታ መጣች። አዲስ አበባ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከአውሮፕላን ጣቢያው ስትወጣ ትስቅ ነበር።

«አራት ሰዓት ብቻ!» አለችኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ። «አንድ ፊልም አየሁ፣ ቁርስ በላሁ፣ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ፣ ደረስን ተባለ። እኔኮ የዓለም ዳርቻ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።»

አውቶቡሱ ደጀን ለመድረስ ብቻ ከዚያ በላይ ፈጀ። ኬላ በደረስን ቁጥር እየወረድን ተፈተሽን።

«ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ዓባይ ላይ ልቅር?» እያለች ትበሳጫለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ጸበሉ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«ከስታለች?»

«ደህና ናት። እየጠበቀችሽ ነው።»

ለእናታችን የገዛችውን ሹራብ ከቦርሳዋ አውጥታ እኔ ትከሻ ላይ ለካችው። «ይበቃታል?» አለችኝ። ይበቃታል አልኳት።

ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም ድንኳኑን አየች። ሞጣ የምትኖረው የእናታችን እህት ጥቁር ለብሳ ከፊት ቆማ ነበር። ማንም ሳይነግራት ገባት። እዚያው መሬት ላይ ወደቀች፤ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት።

ለቅሶው ሲበርድ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «መቼ ተቀበረች?»

አክስቴ ክፋት ሳታስብ ነገረቻት። የሞጣ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር፣ እሷ እስክትደርስ ተብሎ ቀብሩ ሁለት ቀን ዘግይቷል።

እህቴ እንባዋን ጠረገች።

«ከሞጣ ለምትመጣ ሬሳ አቆያችሁ» አለች። «እኔ የአራት ሰዓት መንገድ ነበርኩ።»

አባቴ «ልጄ፣ ለአንቺው ብለን ነው» አሉ።

በማግስቱ ልሂድ ብላ ተነሣች። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጦ ሳለ አባቴ ፊት ቆመችና ደረቷን እየመታች «አባባ ወዮ! አባባ ወዮ!» እያለች ታለቅስ ጀመር። አባቴ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን ሆነሻል?»

«እርስዎም ሲሞቱ አይነገረኝም። በቁምዎ ላልቅስልዎት።»

እስኪበቃት አለቀሰች። አንዷ ጎረቤት አፏን ልትይዛት ብትሞክር ገፈተረቻት። ከዚያ ፊቷን አብሳ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ባለፈው ክረምት አባቴ ክፉኛ ታመሙ። የዚያኑ ቀን ደወልኩላት፤ «በሕይወት አሉ፣ ድረሺ» አልኳት።

«እኔ የእሳቸውን እርም አውጥቻለሁ» አለችኝ።

አባቴ ዳኑ። አሁን ምርኩዝ ይዘው ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምረዋል። እህቴ እኔ ጋ ትደውላለች። አንዳንዴ ስልኩን ስዘረጋላቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው አያወጡም፤ እሷም አገናኘኝ ብላኝ አታውቅም።