ሻጩን የማይጠይቁት ሰው

ደብረ ማርቆስ፣ ኮምፒውተር ማሠልጠኛው በር ላይ ጋቢ ያጣፉ ሽማግሌ ቆመዋል። ኮምፒውተር ልማር ያለችው ልጃቸው እንግባ እያለች ትጎተጉታቸዋለች፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። «እኔ በሬ ስገዛ የምጠይቀው ሻጩን ሳይሆን በበሬው ያረሰውን ሰው ነው» አሏት።

«አባዬ፣ ኮምፒውተር በሬ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ከውስጥ የወጣች አንዲት ወጣት ጠሩ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ተምረሽ ሥራ አገኘሽ?»

«አዎ አባባ፣ እዚሁ አስተማሪ ሆኛለሁ።»

«አብረውሽ የጨረሱትስ?»

«እነሱ ገና እየፈለጉ ነው።»

ሽማግሌው የማሠልጠኛውን መስታወት ገረመሙት። «ይሄ በሬስ ከበረቱ ወጥቶ አላረሰም።»

ልጃቸው አንገቷን ደፋች። «እንሂዳ፣ በቃ።»

ዳር ቆሜ ሳያቸው አባቴን አስታወስኩ፤ እሱ ለትምህርት ሲልከኝ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። እኒህ ግን አልሄዱም፤ በትራቸውን ተደግፈው ቀጥሎ የሚወጣውን ይጠብቁ ጀመር።