የረጅሙ ስፖኪዮ

በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጭራ» ይሉታል። ስድብ አይደለም። አራት ሞተረኞች በረሃውን እያቋረጡ ለጉድጓድ ቆፋሪዎች ካምፕ መድኃኒትና መለዋወጫ ሲያመላልሱ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመጨረሻው እሱ ነበር። የመጨረሻው ሰው የጎማ መጠገኛውንና ትርፉን ውኃ ይይዛል። ሦስቱ የሚያስነሱትን አቧራ ደግሞ ቁርስም ምሳም አድርጎ ይቅማል።

ሕጋቸው አንዲት ናት። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን መብራት ይበራል፤ እያንዳንዱ በስፖኪዮው ከኋላው ያለውን መብራት እያየ ይነዳል። መብራቱን ካጣ ይቆማል። እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለው የእሱን ያጣና ይቆማል፤ እንዲህ እያለ ሰልፉ በሙሉ ቀጥ ይላል። ጥሩምባማ ማን ሊሰማው? የአራት ሞተር ጩኸት አለ፣ ነፋሱ አለ።

ጭራ ግን አንድም ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ አያውቅም። ከፊቱ የሚነዳው ረጅሙ ይባላል፤ የሞተሩ የግራ ስፖኪዮ ተሰብሮ ወድቋል፣ የቀኙ ብሎኑ ላልቶ አንገቱን ደፍቷል። የሚያሳየው የራሱን የረጅሙን ጉልበት ነው። ረጅሙም አላጠበቀውም። ከኋላው ያለው ጭራ ነው፣ ምን ሊሆን! ጭራ ያን ያዘነበለ መስተዋት ስድስት ዓመት ከኋላ ሆኖ አየው። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ አጥብቀው» አላለም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለው ነበር። ሰው ይህን ያህል ሲያምነው ማን ይጠላል?

አቧራው ግን ደረቱ ውስጥ ገባ። አንድ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጭነት እያሰሩ ሳለ ወሰነ።

«በቃኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምሄደው። ስትቆሙ መቆም፣ ስትሸኑ መጠበቅ ሰለቸኝ።»

«ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል» ብሎ ሳቀበት ረጅሙ።

ፊት መሪው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማህም ልጄ?»

«አባቴ፣ አራት ሆነንም መድኃኒት አላገኘሁም። ሳሌን ይስሙት።»

ቦታውን የወሰደው የታናሽ እህቱ ባል ነው። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ትንሽ ቀርፋፋ። ጭራ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማረው፤ ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ አሸዋ ላይ ሞተር እንዴት እንደሚቆም፣ ውኃ እንዴት እንደሚቆጠብ። የረጅሙ ስፖኪዮ ግን ትዝም አላለው።

ሁለት ወር ብቻውን ነዳ። ንጹሕ አየር፣ ማንም የማይጠብቀው መንገድ። ከዕድሜው ሁሉ ያማረው ያ ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ይህን ለመናገር ያፍራል።

አንድ ቀን ካምፑ ቀድሞ ደርሶ ጭነቱን ሲያወርድ ሦስት ሞተሮች መጡ።

«ጭራችሁስ?» አላቸው።

ረጅሙ ያኔ ዞር ብሎ አየ። ከተነሡ አራት ሰዓት ሆኗቸዋል፤ ዞሮ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሞተርም በካምፑ መኪናም ዘጠኝ ቀን ፈለጉት። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን ከመንገዱ ርቆ አገኙት። ጎማው ልክ እንደተማረው ተለጥፏል፣ ታንኩ ግን ባዶ ነው። ጠግኖ ተነሥቷል፤ ከዚያ ብቻውን ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሲዞር ኖሯል። የውኃ ጀሪካኑ አልነበረም። ዱካውን ነፋሱ አጥፍቶታል። በአሥረኛው ቀን የካምፑ መኪና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የጭራ እህት ልብስ ሰፊ ናት። የቤቷ የፊት ክፍል ሱቋ ነው፤ የሞተረኞቹን የአቧራ ሻርፕ የምትሰፋውም እሷ ናት። ጭራ ከዚያ በኋላ በሄደ ቁጥር ከመንገድ እየወጣ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲፈልግ ይውላል። ሲመለስ በሯ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። ያኔ የስፌት መኪናዋ ቀጥ ይልና ደጃፉ ላይ ትወጣለች።

«አየኸው?»

«አላየሁትም።»

ሌላ ወሬ የላቸውም። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ጭራ ተስፋውን ከቆረጠ ቆይቷል፤ ሬሳውንም ቢሆን ባገኘሁት ማለት ጀምሯል። ረጅሙ ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አቃተው። የጭራ እህት የረጅሙ ስም በተነሣ ቁጥር ትረግመዋለች። ጭራ የሚያውቀውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ነበር፤ እርግማኑን መስማት ግን አላስቻለውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀመጠ።

«ረጅሙን አትርገሚው። ስፖኪዮው እንደማያሳይ እኔ አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት ዓመት።»

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ደስ ይልህ ነበር አይደል፣ ወንድም ጋሼ?»

«አዎ።»

«ለባሌስ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ አስተካከለች፣ መስፋቷን ቀጠለች። ጭራ ተነሥቶ ወጣ።

አሁንም እየሄደ ይፈልጋል፤ ብቻውን። ሲመለስ እንደ ልማዱ በሯ ላይ ሞተሩን ያጠፋና ይጠብቃል። የስፌት መኪናው አይቆምም።